ከመጋረጃው ወዲህ የነበሩት እጆች

ሮቤ ማሳጅ ቤት ከፍታለች። ከአስፋልቱ ዳር፣ ከሞባይል ጠጋኞቹ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጄ ትርሲት «ወገቤን ወገቤን ስትይ ከረምሽ» ብላ አንድ ቅዳሜ ጎትታ ወሰደችኝና፣ ስድሳ ዘጠኝ ዓመቴን ተሸክሜ ያንን ሁሉ ደረጃ ወጣሁት። ነጭ ጋዋን የለበሰች ቀጭን ልጅ ተቀበለችኝ፤ በአፍ ጢሜ አስተኝታ ከስልኳ የወፍና የውሃ ድምፅ ከፈተችልኝ። የባሌ ተራራ ሥር ተወልጄ አርጅቼ፣ ወፍ በስልክ! ልጅቷን ግን አላማትም፤ እጇ ጥሩ ነው፣ ሰው አክባሪም ናት። ብቻ በየደቂቃው «እማማ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምዎት? ላጥብቀው? ላላላው?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ስታሽ የቱ ጋ ያምሻል ተብዬ መጠየቅ አልለመድኩም። በወጣትነቴ የታሸሁበት ቤት ሕጉ ሌላ ነበር። እሱን እያሰብኩ ሳለ ጨረሰችና «ሳምንት ይምጡ» አለችኝ።

ትርሲት ገበያ ስለነበረባት ቀድማኝ ሄዳለች። ባጃጅ ይዤ ስገባ ውስጥ ጥቁር ሻርፕ የተከናነቡ አንድ አሮጊት ተቀምጠዋል። እንደ አገሩ ወግ «ነጋዳ? ፈያዳ?» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ያዙኝ፤ አለቀቁኝም። አውራ ጣታቸው ከመዳፌ ሥር ወደ አንጓዬ ወጣና በሁለቱ አጥንቶች መካከል ገብቶ ቆመ። ዓይናቸው ሞራ ለብሷል፣ ወደ ፊቴም አላዩም። «ኢንተለ ታይፒ!» አሉ። የታይፕዋ ልጅ ማለታቸው ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖት እንዲህ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረምና ባጃጁ ውስጥ እንባዬ መጣ። ያኔ ያሹኝ የነበሩት ሃዳ ከድር ነበሩ። በአንድ ከተማ እየኖርን ለብዙ ዓመታት ያላየኋቸው አጥቻቸው አይደለም፤ ሸሽቻቸው ነው። ለምን እንደሸሸሁ እመጣበታለሁ።

ያኔ የምኖረው ጎባ ነበር፤ ጎባም ጎባ ነበረች። ቢሮው ሁሉ እዚያ፣ አለቃው ሁሉ እዚያ፤ ሮቤ ስንዴ የሚጫንባት ሜዳ ናት ብለን እንስቅባት ነበር። አሁን እሷ ትስቅብን። ጠዋት ጉሙ ከሳነቴ ወርዶ ቁልቁለቱን ሲሞላው፣ የባሕር ዛፉ ጫፍ ብቻ እየታየን በብርድ እየተንቀጠቀጥን ወደ ሥራ እንወርዳለን። ሴቶቹ የቴትሮን ጉርድ፣ ከላይ በእጅ የተሠራ ሹራብ፣ እግራችን ላይ ባለ ዘለበት ጫማ። እኔ አንዲት ቡናማ ሹራብ ነበረችኝ፤ ቅዳሜ ታጥባ እሑድ ካልደረቀች ሰኞ እርጥቧን እለብሳታለሁ እንጂ ሌላ አልለብስም። ከቢሮው ማዶ ጥግ ላይ ሻይ ቤት ነበረች፤ ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ ፓስቲ በአሥር። ባለቤትየው ቴፕ ነበረውና ከጠዋት ጀምሮ የፍቅር ዘፈን ያዘፍናል፤ ካሴቱ ስለተጎዳ ዘፋኙ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይጎተታል። ያንን ዘፈን ዛሬ በትክክለኛው ድምፁ ብሰማው የተበላሸ ይመስለኛል።

ሥራዬ ታይፒስት ነበር። በሦስት ካርቦን እየመታን፣ የታችኛው ቅጂ እንዲነበብ እንደ ሙቀጫ ነበር የምንወቅጠው። አራት ዓመት ከወቀጥሁ በኋላ ቀኝ እጄ ከዳኝ። መጀመሪያ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ቀጥሎ የሻይ ብርጭቆ ከእጄ ይወድቅ ጀመር። አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን «ካልቻልሽ መዝገብ ቤት እናዛውርሻለን» አለኝ። እኔ በዚያ ቢሮ ውስጥ በፍጥነቴ የታወቅሁ ነበርኩና ሞት መሰለኝ። እናቴ ናት «አባ ከድር ጋ ሂጂ» ያለችኝ።

አባ ከድር የታወቁ ወጌሻ ነበሩ። የጀመሩት በፈረስ ነው። በዚያ አገር ፈረስ ማለት የሰው ክብሩ ነው፤ ለሰርግ፣ ለልቅሶ፣ ለጉግሥ የሚወጣ ፈረስ ወለም ሲለው ከሲናናም ከጋሰራም ወደ እሳቸው ይመጣ ነበር። በኋላ የፈረሱ ባለቤትም አብሮ ይታሽ ጀመር። ወንዶችን በፊተኛው ክፍል በራሳቸው እጅ ያሻሉ። ሴት ግን አይነኩም፤ ሃይማኖተኛ ሰው ነበሩ። ለሴቶች በጓዳ በኩል የአቡጀዲ መጋረጃ ተጋርዷል። ታማሚዋ ከመጋረጃው ወዲህ ምንጣፍ ላይ ትተኛለች፣ የምታሸው ሚስታቸው ናት፤ እሳቸው ከመጋረጃው ወዲያ መደብ ላይ ተቀምጠው፣ መስበሃቸውን እየቆጠሩ፣ በድምፅ ያዛሉ። ሚስትየዋን በልጇ ስም ሃዳ ከድር ነበር የምንላት፣ የከድር እናት። የገዛ ስሟን የጠየቀ አልነበረም። እሳቸውን እርስዎ፣ እሷን አንቺ እንላለን። ዛሬ እርስዎ እላቸዋለሁ፤ ያኔን ሳወራ ግን ያኔ እንዳየኋት ልጻፋት።

የመጀመሪያው ቀን ገና ሳልተኛ ድምፃቸው ከመጋረጃው ጀርባ መጣ። «እንኳን ደህና መጣሽ። ምንሽን እንዳመመሽ ግን እንዳትነግሪኝ።»

«እንዴ አባ፣ ሳልነግርዎት በምን ያውቁታል?»

«ፈረስ እዚህ ጋ አመመኝ ብሎ ያውቃል? ሰው ይባስ፤ ትከሻው ታሞ እጄን ይልሻል። ዝም በይ፣ እጁ ራሱ ይፈልገው።»

ሃዳ ከድር እጆቿን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይዛ ቆየች። እስኪሞቁ ድረስ አትነካም ነበር። ከዚያ አደረቀቻቸውና ትንሽ ቅቤ ቀብታ፣ አንጓዬን እጠብቃለሁ ስል ማጅራቴን ያዘችው። ዓይኗን ጨፍና ነበር። ከማጅራት ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ ብብት፣ እንደዚያ ቀስ እያለች፣ የቸኮለ ሰው በሚያናድድ ዝግታ ወረደች። እኔ እሽት ማለት ሰው የሚያስጮህ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ካላመመ አያድንም ሲባል ነው ያደግሁት። እሷ ግን ጅማቱ ሲጠጥርባት ትቆማለች፤ አትጫንም። «ኦብሲ» ትለኛለች፣ ታገሺ። «ተንፍሺ። ስትተነፍሺ እኔ እገባለሁ።» ደግሞ አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «እጅ እንደ ጎረምሳ ከመጣ ሥጋ ይፈራል፤ ከፈራ ይደበቅሻል። እንግዳ ሆኖ ነው መግባት።»

በመሀል አባ ከድር «ማል አርገቴ?» ይላሉ፤ ምን አገኘሽ። እሷ «ከብብቷ በታች ታስሯል፣ ከክርኗ ላይ ደግሞ እንደ ገመድ ሆኗል» ትላለች። «እንግዲያው ከብብቷ በታች ያለውን ፍቺው፣ ከዚያ ወደ ክርኗ ውረጂ» ይላሉ እሳቸው፣ በዚያ እንደ ጸሎት በሚረጋ ድምፃቸው። ያንን ድምፅ ስሰማ ውስጤ ይረጋል። ሁለት ወር ተመላለስኩ። ጣቶቼ ተመለሱ፣ ብርጭቆ ያዝኩ፣ የጽሕፈት መኪናዬ ፊት ተመልሼ ተቀመጥኩ። ለጎባ ሰው ሁሉ ምን ብዬ እንዳወራሁ ልብ በሉ፦ «አባ ከድር አዳኑኝ»። እጃቸው ጠቁሮ ይሁን ቀልቶ አላየሁትም፤ እሳቸው አዳኑኝ አልኩ።

በረመዳን አንድ ከሰዓት በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። የመታሸቴ የመጨረሻ ቀኖች ነበሩ። ሃዳ ከድር እያሸችኝ ሳለ ከመጋረጃው ጀርባ ማንኮራፋት ተሰማ። ጾሙ ደክሟቸው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እሷ ሥራዋን አላቋረጠችም፤ ራሷ አገኘች፣ ራሷ ፈታች፣ ጨረሰች። በመጨረሻው ላይ ብንን አሉና «ማል አርገቴ?» አሉ። እሷ ቀድማ የሠራችውን ነገረቻቸው። «እንግዲያው እንደዚያ አድርጊ» አሉ። እኔ ሳቄ መጣ፣ እሷም አፏን በነጠላዋ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም በይ አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ልብ ብዬ ሳዳምጥ፣ ነቅተው ሳሉም የሚያዟት እሷ የነገረቻቸውን ነበር። አልናቅኋቸውም፤ ወንዱንና ፈረሱን በእጃቸው ያውቁት ነበር፣ እሷንም በመጀመሪያ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። የሴት ገላ ግን የሚያውቀው የሷ እጅ ነበር። እኔ ይህንን አውቅ ነበር። ሌላው ሰው አያውቅም፤ እኔ ግን አውቅ ነበር። በደሌ ከዚህ ይጀምራል።

ዘመኑ ዞረ። መንግሥት ሄደ፣ መንግሥት መጣ፣ አለቆቻችን ተቀያየሩ፣ እኔ አገባሁ፣ ትርሲትን ወለድኩ። አባ ከድር አንድ ክረምት አረፉ። ለቀብራቸው የወጣው ፈረስ ብዛት ዛሬም ይወራል። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ግን አይወራም፤ ወደዚያ ቤት የሚሄድ ሴት ጠፋ። ያው ምንጣፍ፣ ያቺው ሴት፣ ያው እጅ አለ፤ ታማሚ የለም። «ዓይኑ ከሞተ እጁ ብቻውን ምን ያደርጋል» አሉ ጎረቤቶቼ። እኔም በደጇ ሳልፍ ሰላምታ ሰጥቼ አልፋለሁ። እሷ ልብስ አጣቢ ሆነች፤ የመምህራንና የነርሶች ልብስ ታጥብ ነበር። እነዚያ እጆች ሳሙና ያራግፉ ጀመር።

ትርሲት ስምንት ዓመቷ ነበር። በገበያ ቀን ከልጆች ጋር ከቆመ ጋሪ ላይ ስትጫወት ፈረሱ ደነበረና ወደቀች፤ ክርኗ። ሐኪም ቤት ነበረ፤ ግን ያኔ እኛ ጀሶ ከታሰረ ይነቅዛል፣ ይቆረጣል እያልን እንፈራ ስለነበር የአጥንት ነገር ወደ ወጌሻ ነው። ልጄን ታቅፌ፣ እግሬ ሳላዘው ወደ ሃዳ ከድር ደጅ ወሰደኝ። በሩ ገርበብ ብሏል። ግቢው ውስጥ ተቀምጣ ልብስ ታጥባለች። የልጄን ጩኸት ሰምታ ቀና አለች፣ አየችን፣ ተነሳች። አረፋ የያዙትን እጆቿን በቀሚሷ ትጠርግ ጀመር። ያኔ አብራኝ የመጣችው ጎረቤቴ ክንዴን ይዛ «አንቺ ሰውዬው እኮ ሞቷል! እሷ ያለሱ ምን ታውቃለች? የሮቤ መንገዱ ጋ ያለው ይሻላል፣ ጉልበተኛ ነው» አለችኝ። ዓይን ለዓይን እየተያየን ነበር፣ እኔና ሃዳ ከድር። ዞሬ ሄድኩ።

ለምን? ብዙ ዓመት ራሴን ጠይቄያለሁ። አለማወቅ ቢሆን ይቅር ይባል ነበር። ልጄ በእቅፌ ስትጮህ ግን የፈለግሁት እጅ አልነበረም፤ ያንን የሚያዝዝ፣ የሚያረጋጋ የወንድ ድምፅ ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ ማንም እንደሌለ ሳውቅ ፈራሁ። የሮቤ መንገዱ ሰውዬ ድምፅ ነበረው። «ያዟት!» አለ፤ ያዝናት። ጎተተው፤ ልጄ ራሷን ሳተች። በቀርከሃ ፍልጥ ጥብቅ አድርጎ አሰረውና በአርባ ቀን ሲፈታ ክንዷ ቆልመም ብሎ ቀረ። አይዘረጋም፤ ከግማሽ ትንሽ አልፎ ይቆማል።

ልጅ አድጎ ይጠይቃል። አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት፣ «እማዬ፣ ያቺ አንቺን ያሸችሽ ሴትዮ ጋ ለምን አልወሰድሽኝም?» አለችኝ። እያማሰልኩት ካለው ወጥ ቀና ሳልል «ጋሰራ ለልቅሶ ሄዳ ነበር» አልኳት። ውሸት ሲነገር ቀላል ነው። ይህቺ ግን እየኖረች ከብዳ፣ ሮቤ ተዛውረን ሃዳ ከድርም ልጃቸው ዘንድ ሮቤ መምጣታቸውን ስሰማ፣ በሰፈራቸው እንዳላልፍ መንገድ ታስቀይረኝ ነበር።

ያን ቅዳሜ ባጃጁ ውስጥ እጄን እንደያዙ «ልጅሽስ? ያቺ የክንዷ?» አሉኝ። ደህና ናት፣ አስተማሪ ሆናለች፣ አልኳቸው። «አምጪልኝ» አሉ። እኔ ላመጣት አላሰብኩም ነበር። ማታ እራት ላይ አፌ አምልጦኝ አገኘኋቸው ስላት ግን ትርሲት ማንኪያዋን አስቀመጠች። «በሕይወት አሉ? እማዬ፣ እሑድ እንሄዳለን።» ለካስ ልጄ ስትደብቀኝ ኖራለች፤ የዚያ ክንዷ ሁለት ጣቶች መደንዘዝ ጀምረዋል፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ጠመኔው ይወድቅባታል። ያንን ስትነግረኝ የኔ የጥንቱ ፍርሃት በልጄ ፊት ላይ ተቀምጦ አየሁት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሄድን። የልጅ ልጃቸው «ሻምሲያ፣ እንግዳ መጥቶልሻል!» ብላ ስትጣራ ነው ስማቸውን በሰባ ዓመቴ ዋዜማ ያወቅሁት። አቀፉን፣ ዱዓ አደረጉልን። ለብ ያለ ውሃ አስመጡ፤ እጃቸውን ነክረው ቆዩ። ትርሲት ልትናገር አፏን ስትከፍት «አትንገሪኝ» አሉና ማጅራቷን ያዙ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ገላ ሲነካ ግን መንቀጥቀጡ ተወው። ረጅም ጊዜ ወሰዱ። ልጄ ዓይኗን ጨፈነች፤ ትንፋሿ ሲረዝም ሰማሁት። ክርኗ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄ አልተሰበረም ነበር» አሉ። «ወልቆ ነበር። ተጎትቶ ነው እንዲህ የሆነው። ማን ነካው?»

«እርስዎ ያኔ ጋሰራ ለልቅሶ ሄደው ነበር አሉ» አለች ትርሲት ዓይኗን ሳትከፍት። «ስላልነበሩ እናቴ ሌላ ወጌሻ ጋ ወሰደችኝ።»

 ሃዳ ከድር የማያዩ ዓይኖቻቸውን እኔ ወዳለሁበት አዞሩ። ያን ቀን ደጃቸው ላይ ቆሜ እንደነበር፣ እጃቸውን እየጠረጉ እንደተነሱ፣ እንዳዩኝ፣ ሁሉንም ያስታውሳሉ፤ ከፊታቸው አነበብኩት።

«እ... አዎ» አሉ ቀስ ብለው። «ጋሰራ ነበርኩ።»

እዚህ ላይ ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ለኔ ሲሉ በእርጅናቸው ዋሹልኝ። ያንን መሸከም ግን አልቻልኩም።

«የለም» አልኩ። «ቤታቸው ነበሩ። በራቸው ድረስ ይዤሽ ሄጄ ነበር፣ ትርሲቴ። ሊቀበሉሽ ተነስተው ነበር። እኔ ነኝ ይዤሽ የተመለስኩት።»

ትርሲት ዓይኗን ገለጠች። «ለምን?»

«ባላቸው ስለሞቱ» አልኩ። ምክንያቱ ከአፌ ሲወጣ ራሴን አሳፈረኝ፤ ግን ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። «እጃቸው እንደሚያድን አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው።»

ልጄ ወደ ሃዳ ከድር ዞራ፣ እንደ ስምንት ዓመት ልጅ በቀጠነ ድምፅ፣ «እርስዎ ቢነኩኝ ኖሮ ይቃና ነበር?» አለቻቸው።

 አዎ ቢሉ ፍርዴን እቀበላለሁ፤ አይ ቢሉ ከዚያ ቀን ወዲህ የተሸከምኩትን አወርዳለሁ። አሮጊቷ ግን ክንዷን ከትከሻዋ እስከ ክርኗ አንዴ ደግመው ዳሰሱት።

«አላውቅም ልጄ» አሉ። «እጄ ያልነካውን እንዴት ብዬ ልናገር? ጣትሽን ሐኪም ይየው። እኔም ረቢ ካለ በየሳምንቱ አሽልሻለሁ፤ መደንዘዙ ይቀንስ ይሆናል። ክንዱ ግን እንዲሁ ነው የሚኖረው።»

ትርሲት «ገለቶሚ» ብላ አመስግና እጃቸውን ሳመች፤ እጅጌዋን አውርዳ ተነሳች። ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ የሰፈሩ መንገድ ጭቃ ነው። ከሷ ጋር ስሄድ ክንዷን ሳትሰጠኝ ቀርታ አታውቅም። ያን ቀን ቀድማኝ ሄደች፣ ዞር ብላም አላየችኝ፣ እኔም ልጥራት አልደፈርኩም። ቦዩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ፊቷን ሳትመልስ እጇን ወደኋላ ዘረጋችልኝ፤ የተጎዳውን ነው። ያ ክንድ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋምና፣ እንድይዘው ሁለት እርምጃ ወደ ጭቃው መግባት ነበረብኝ። ገባሁ።